ሌዘር ብረትን ሲመታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ወዳጄ ሱቁ ውስጥ ቀለበት ላይ ስም የሚጽፍ የሌዘር ማሽን አለው። ቀለበቱን ያስቀምጣል፣ ስሙን ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፣ ቁልፉን ይጫናል። «ጢዝዝ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ነጭና ሰማያዊ የሆነች ትንሽ ብልጭታ ቀለበቱ ላይ ትሮጣለች። አፍታም አይቆይ፣ ስሙ ተጽፎ ያልቃል። ቀለበቱን ወዲያው ተቀብዬ ያዝኩት። ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ፊደሎቹ ላይ ያለውን ጥቁር ብናኝ በጣቴ ስጠርገው ለቀቀ።

ያቺ ብልጭታ ያረፈችበት ቦታ ግን ቀልጦ፣ ተንኖ፣ ከዚያም አልፎ ፕላዝማ ሆኖ ነበር። ፕላዝማ ማለት አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን የተነጠቁበት የጋለ ጋዝ ነው። እጄን ያላቃጠለ ቀለበት ላይ! ይህን ለሰው ባወራሁ ቁጥር ያው ጥያቄዎች ይመጣሉ። መልሶቹን እዚህ አስቀምጫቸዋለሁ።

ፀሐይም ብርሃን ናት። የቤታችንን ቆርቆሮ ያላቀለጠች፣ ሌዘር እንዴት ያቀልጣል?

ሚስጥሩ የብርሃኑ ብዛት አይደለም። በምን ያህል ጠባብ ቦታና በምን ያህል አጭር ጊዜ ተጠቅጥቆ ይደርሳል የሚለው ነው።

የወዳጄን ማሽን እንውሰድ። እንዲህ ዓይነት ማሽን ብርሃኑን ሳያቋርጥ አያፈስም፤ በምት በምት ይተኩሳል። የአንዱ ምት ኢነርጂ 1 ሚሊ ጁል ገደማ ነው። ይህ በጣም ትንሽ ነው። 1 ግራም የሚመዝን ነገር 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረጊያ ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ በ100 ናኖ ሰከንድ ውስጥ ያልቃል፤ አንድ ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። ሲካፈል 10 ሺህ ዋት ይመጣል። ደግሞ የሚያርፈው ከፀጉር በቀጠነ ነጥብ ላይ ነው። በካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሰላ 500 ሚሊዮን ዋት ገደማ ይሆናል። የቀትር ፀሐይ በካሬ ሴንቲ ሜትር የምትሰጠን 0.1 ዋት ነው። ልዩነቱ 5 ቢሊዮን እጥፍ መሆኑ ነው።

ይህ የሱቅ ማሽን ነው እንግዲህ። በምርምር ቤቶች 1 ጁል በ30 ፌምቶ ሰከንድ ውስጥ የሚተኩሱ ሌዘሮች አሉ፤ ፌምቶ ሰከንድ ከናኖ ሰከንድም እጅግ ያጠረ ነው፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ። 1 ጁል 100 ግራም ነገር 1 ሜትር ማንሻ ነው፤ አንዲት ትንሽ ብርቱካን ከመሬት አንስቶ ጠረጴዛ ላይ እንደማስቀመጥ። ግን በዚያች ቅጽበት ኃይሉ 33 ትሪሊዮን ዋት ይደርሳል። የዓለም የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ሁሉ ተደምረው በአማካይ ከሚያመነጩት ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል።

ከብረቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚሞቀው ምኑ ነው?

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ቢሆን ደስ ይለኛል። ብርሃኑ ብረቱን አያሞቀውም። ብርሃኑ የሚያሞቀው ኤሌክትሮኖቹን ነው። ብረቱን የሚያሞቁት ደግሞ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው፣ ዘግይተው።

ብረት ውስጥ ሁለት ዓይነት ነዋሪ አለ በሉ። አንደኛው በሰልፍ ተደርድረው የተቀመጡት አቶሞች ናቸው። ሁለተኛው በመሐላቸው እንደልባቸው የሚሯሯጡት ነፃ ኤሌክትሮኖች ናቸው። አሉሚኒየም ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ካሉት 13 ኤሌክትሮኖች 3ቱን ለዚህ የጋራ ግቢ ሰጥቷል። ብረት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው በእነዚህ ነው።

ብርሃን የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ብረቱ ላይ ሲያርፍ ቀላሎቹን ኤሌክትሮኖች ወዲያና ወዲህ ይወዘውዛቸዋል። አቶሞቹን ግን ሊነቀንቃቸው አይችልም፤ ይከብዱታል። አንድ የአሉሚኒየም አቶም ከአንድ ኤሌክትሮን 50 ሺህ ጊዜ ያህል ይከብዳል። የአንድ ፍሬ ሽምብራና የአንድ ጠቦት ልዩነት እንደማለት ነው። ሽምብራ ወርውራችሁ ጠቦቱን ብትመቱት ሽምብራዋ ነጥራ ትመለሳለች እንጂ ጠቦቱ ንቅንቅ አይልም። ኤሌክትሮንም አቶምን ሲገጨው እንዲሁ ነው። አቅጣጫውን ይቀይራል፣ ያገኘውን ኢነርጂ ግን አይለቅም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ለአንድ አፍታ ጉድ የሚያሰኝ ነገር ይፈጠራል። በአንድ ቁራጭ ብረት ውስጥ፣ በአንድ ቦታ፣ ሁለት የሙቀት መጠን ይኖራል። ኤሌክትሮኖቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዲግሪ ላይ ናቸው። አቶሞቹ ደግሞ ገና እንደቀዘቀዙ ተቀምጠዋል፤ ወሬው አልደረሳቸውም። የሶቪየት ፊዚክስ ሊቃውንት ኤሌክትሮኖች ለአቶሞች ሙቀት እንዴት እንደሚያቀብሉ ያሰሉት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ሌዘር የሚባል ነገር በዓለም ላይ ገና አልነበረም፤ የመጀመሪያው የበራው በ1960 ነው። ያ ስሌት ዛሬም የዘርፉ ሰዎች የዕለት መሣሪያ ነው።

ፌምቶ ሰከንድ ስትሉ ምን ያህል አጭር ነው?

የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ። ይህ ግን ለአእምሮ አይጨበጥም። ስለዚህ እኔ ጊዜውን ለጥጬ ነው የማስበው። 1 ፌምቶ ሰከንድ 1 ሰከንድ ቢሆን እንበል።

በዚህ ልኬት 100 ፌምቶ ሰከንድ የሚቆይ ምት መጥቶ እስኪሄድ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል። ኤሌክትሮኖቹ ያገኙትን እርስ በርስ ተጋጭተው እኩል የሚካፈሉት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። አቶሞቹ ሙቀቱ በደንብ የሚሰማቸው ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ብረቱ ከላዩ ተገፍፎ መውጣቱ የሚታየው በማግስቱ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ሌዘሩ ትናንት ነው ሄዶ ያለቀው! የወዳጄ ማሽን አንድ ምት ደግሞ በዚሁ ልኬት 3 ዓመት ከ2 ወር ይቆያል። እውነተኛዋ አንድ ሰከንድ? ከ31 ሚሊዮን ዓመት በላይ።

የሁለቱ ሌዘሮች ሥራ የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው። ረጅሙ ምት ብረቱ ላይ እንደተተከለ ይቆያል። ብረቱ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ይፈላል፣ ይተናል፤ ሌዘሩ አሁንም እየመታ ነው። ሙቀቱም ወደ ጎን ጥቂት ማይክሮ ሜትር ለመስረግ ጊዜ ያገኛል። የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቀልጦ የረጋ ከንፈር የሚቀረው ለዚህ ነው። ቀለበቱን በማጉያ መነጽር ብታዩት ይታያል። አጭሩ ምት ግን ሙቀቱ ወደ ጎን ሳይሰርግ ሥራውን ጨርሷል። የተመታው ስስ ሽፋን ተነስቶ ይሄዳል፣ አጠገቡ ያለው እንደነበረ ይቀራል። ለልብ የደም ሥር የሚገቡ የብረት ቱቦዎችን በፌምቶ ሰከንድ ሌዘር መቁረጥ የሚወደደው ለዚህ ንጽሕናው ነው።

ብረት እኮ እንደ መስታወት ነው። ብርሃኑን አይመልሰውም?

ይመልሰዋል። የተወለወለ አሉሚኒየም ከሚታይ ብርሃን 90 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ወደ ውስጥ የሚገባውም ሩቅ አይሄድም። 10 ናኖ ሜትር ገደማ ላይ ይከስማል፤ ይህ 40 ያህል የአቶም ደርብ ነው።

ግን መስታወቱ መስታወት ሆኖ አይቆይም። ሙቀቱ ሲጨምር ኤሌክትሮኖቹ ቶሎ ቶሎ ይጋጫሉ። በተጋጩ ቁጥር ከሞገዱ የወሰዱትን ወደ ሙቀት ይለውጣሉ። ስለዚህ ብረቱ ብርሃኑን የበለጠ ይመጥጣል፣ የበለጠ ሲመጥጥ የበለጠ ይሞቃል። መጀመሪያ 10 በመቶ ብቻ ይቀበል የነበረ ብረት ምቱ ሳያልቅ እየተስገበገበ ይሄዳል።

ማቆሚያ አለው ወይ? አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አሉሚኒየምን በ400 ፌምቶ ሰከንድ ምት እስከ 1 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ አሙቀው፣ ከሚመለሰው ብርሃን ተነስተው የኤሌክትሪክ መቋቋሙን ለኩ። መቋቋሙ መጀመሪያ አደገ። ከዚያ ጣሪያ ነካና ቆመ። ኤሌክትሮኑ ከአንዱ አቶም እስከ ጎረቤቱ ሳይጋጭ የማይደርስ ከሆነ ከዚያ በላይ ቶሎ ሊጋጭ አይችልም። ሙቀቱ የበለጠ ሲጨምር ደግሞ መቋቋሙ ተመልሶ ወረደ። በጣም የፈጠኑ ኤሌክትሮኖች በአዮኖቹ፣ ማለትም ኤሌክትሮን ባጡት አቶሞች፣ አጠገብ ሽው ብለው ስለሚያልፉ ነው። በተራ ሽቦ «ሲሞቅ መቋቋሙ ይጨምራል» ብለን ትምህርት ቤት የተማርነው ሕግ እዚያ ላይ ይገለበጣል። ከሙከራዎች ሁሉ ይህን በጣም ነው የምወደው።

ኤሌክትሮኖቹ ቀድሞውኑ ነፃ ከሆኑ፣ ብረት «አዮናይዝ ሆነ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጎበዝ ጥያቄ ነው። ጋዝ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አቶሙ ኤሌክትሮኑን ሲያጣ አዮን ሆነ እንላለን። ብረት ግን ገና ሳይነካ ከፊል አዮን ነው። ሦስቱን ኤሌክትሮኖች ሰጥቶ የተቀመጠ የአሉሚኒየም አቶም ምን ቀረው?

የቀሩት 10 ናቸው። እነሱ ደግሞ ጠበቅ ብለው ተይዘዋል። በሌዘር ብረትን አዮናይዝ ማድረግ ሲባል እንግዲህ የእነዚህ የውስጦቹ መነቀል ነው። ዋጋቸውን እንይ። የዚህ ዓለም ገንዘብ፣ ማለትም የኢነርጂ መለኪያው፣ ኤሌክትሮን ቮልት ይባላል። ብቻውን ከቆመ የአሉሚኒየም አቶም አንደኛውን ኤሌክትሮን ለመንቀል 6 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል። ሁለተኛው 19 ገደማ፣ ሦስተኛው 28 ገደማ ይጠይቃል። አራተኛው ላይ ዋጋው በአንዴ 120 ይሆናል። ከሦስት በኋላ ሌላ ቤት ውስጥ ነው የተገባው።

የወዳጄ ማሽን አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንዲት የብርሃን ቅንጣት፣ 1.17 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው የሚይዘው። አንዱ ፎቶን ለመጀመሪያውም አይበቃም። ነቃዩ ታዲያ ማን ነው? በአብዛኛው የጋሉት ኤሌክትሮኖች ራሳቸው። ሌዘሩ እነሱን ያፈጥናል፣ እነሱ እየሮጡ ሄደው ሌላውን ይነቅላሉ። የተነቀለውም ተራውን ይፈጥንና ሌላ ይነቅላል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ይናዳል። ቀለበቱ ላይ የምትሮጠው ብልጭታ ይህ ናዳ ነው፣ በተነነው ብረት ውስጥ ሲካሄድ። ብልጭታዋ አንዴ ከተፈጠረች ደግሞ በብረቱና በሌዘሩ መሐል ትቆማለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ብርሃን ራሷ ትውጠዋለች። ስለዚህ የሌዘሩን ኃይል መጨመር ሁልጊዜ ጉድጓዱን አያጠልቀውም።

ሌላም መንገድ አለ። በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ሺህ ትሪሊዮን ዋትና ከዚያ በላይ ሲደረስ የብርሃኑ የኤሌክትሪክ መስክ ኒውክለሱ (የአቶሙ እምብርት) ኤሌክትሮኑን ከያዘበት ጉተታ ጋር ይፎካከራል። ያኔ ግጭት አያስፈልግም፤ ሞገዱ ራሱ መንጭቆ ያወጣቸዋል። ከዚህ 100 እጥፍ ገደማ ሲወጣ ኤሌክትሮኖቹ በሞገዱ ውስጥ ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋሉ።

ብረት ሳይፈነዳ፣ ጠጣር እንደሆነ፣ ሚሊዮን ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል?

ለአጭር ጊዜ፣ አዎ። አቶሞቹ ከባድ ስለሆኑ ከቦታቸው ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋሉ። ከዚያ ቀድሞ ያሞቃቸው ካለ እፍግታቸው እንደ ጠጣር፣ ሙቀታቸው እንደ ኮከብ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን ይህን በካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ አጠገብ በሚገኘው የራጅ ሌዘር አደረገው። ከፀጉር ብዙ እጥፍ የሳሳ፣ 1 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ፎይል ወሰዱ። ከ80 ፌምቶ ሰከንድ ባነሰ የራጅ ምት መቱት። ራጅ ከላይኛው 10 ናኖ ሜትር ላይ አይቆምም፤ በፎይሉ ውስጥ ዘልቆ ያልፋል። ደግሞም ከውጭ አይጀምርም፤ ለኒውክለሱ የቀረበውን፣ ውስጥኛውን ኤሌክትሮን ይነቅላል። የተፈጠረውን ክፍተት ከላይ ያለ ኤሌክትሮን ወርዶ ሲሞላ ትርፉ ኢነርጂ ሌላውን ኤሌክትሮን ያስፈነጥራል። የተፈነጠሩት ቀሪውን ያሞቃሉ። ፎይሉ ወደ 2 ሚሊዮን ዲግሪ ደረሰ፣ እንደ ጠጣር ታፍጎ እያለ። እስከ አሁን ባወራነው የብርሃን ሌዘር ይህን በእኩል ሙቀት ማድረግ ከባድ ነው፤ ላዩ ይነድዳል፣ ሆዱ ይቀዘቅዛል።

እዚያ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። በታጨቀ ፕላዝማ ውስጥ ጎረቤቶች ስለሚገፉና ስለሚስቡ ኤሌክትሮን መንቀል ከብቸኛ አቶም ይልቅ ይረክሳል። የቤቱ ደፍ ዝቅ ይላል እንደማለት ነው። ምን ያህል ዝቅ ይላል? ሲሠራበት የኖረው የ1966 ቀመር አንድ ቁጥር ይሰጣል። የካሊፎርኒያው ሙከራ ግን ደፉን ከዚያ ዝቅ ብሎ አገኘው፤ ከ1963 የቆየ ሌላ ቀመር ይበልጥ ቀረበው። በማግስቱ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ኦራየን በተባለው ሌዘር የተሠራ ሙከራ ደግሞ ወደ 1966ቱ አደላ። ሁለቱም ጠንቃቃ ሥራዎች ናቸው። ግን የሙቀቱና የእፍግታው ሁኔታ ይለያያል። ደፉ የት እንደሆነ ማወቅ የፕሮፌሰሮች ወግ ብቻ አይደለም። የከዋክብት ሆድ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚሰላው በዚሁ ነው።

ይህን ያህል አጭርና ብርቱ ምት እንዴት ይሠራል?

ችግሩ ብርቱው ብርሃን የሌዘሩን የራሱን መስታወትና ክሪስታል መሰባበሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ መላ አገኙ። ምቱን በጊዜ ለጠጡት፣ ተለጥጦ ሲላላ አጎለበቱት፣ መጨረሻ ላይ መልሰው ጠቀጠቁት። ለዚህ በ2018 የፊዚክስ ኖቤልን ተጋርተዋል።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ምናልባት ኪሳችሁ ውስጥ ነው። የዘመኑ ፈጣን ስልኮች ቺፕ የሚታተመው 13.5 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ብርሃን ነው። ይህን ብርሃን የሚሰጥ አምፖል የለም። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤኤስኤምኤል የሚሠራቸው ማሽኖች የሚያገኙት ከተመታ ብረት ነው። ብረቱ ቲን ነው፤ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኞች በሚያቀልጡት ስታኞ ውስጥ ያለው። የቀለጠ ቲን በባዶ ክፍል ውስጥ በሰከንድ 50 ሺህ ጊዜ ይንጠባጠባል። ጠብታዋ ከፀጉር ውፍረት ታንሳለች። በምትወድቅበት መንገድ ላይ አንድ ቀላል የሌዘር ምት መጥቶ እንደ ቂጣ ይደፈጥጣታል። ሁለተኛው ብርቱ ምት ይከተልና ከ200 ሺህ ዲግሪ በላይ ያደርሳታል። ቲን ካሉት 50 ኤሌክትሮኖች ከ8 እስከ 14 ያጣል። የሚፈለገውን ብርሃን የሚሰጡት እነዚያ አዮኖች ናቸው። ሲያንስም ሲበዛም አይሆንም። ብረትን በልኩ አዮናይዝ ማድረግ እዚህ ላይ የፋብሪካ ሥራ ሆኗል።

ወርቅም አለ። በካሊፎርኒያ የሊቨርሞር ቤተ ሙከራ 192 የሌዘር ጨረሮች በወርቅ የተለበጠች፣ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን ክፍት ቱቦ ውስጥ ይገባሉ። መሐል ላይ የተቀመጠውን የሃይድሮጅን ነዳጅ በቀጥታ አይመቱም፤ ግድግዳውን ነው የሚመቱት። ወርቁ ከ79 ኤሌክትሮኖቹ ከግማሽ በላይ አጥቶ የራጅ ምድጃ ይሆናል። ያ ራጅ ነዳጁን ይጨምቀዋል፤ የሃይድሮጅን ኒውክለሶችም ይዋሃዳሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 መጀመሪያ ላይ 2.05 ሜጋ ጁል ብርሃን ገብቶ 3.15 ሜጋ ጁል የኒውክለስ ውህደት ኢነርጂ ወጣ። ሌዘሮቹ ከመስመር የሚወስዱት ኤሌክትሪክ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ገና የመብራት ጣቢያ አይደለም።

ማርስ ላይም ተደርጓል። ኪውሪዮሲቲ የተባለው ተሽከርካሪ በ2012 ካረፈ ወዲህ ድንጋዮችን እስከ 7 ሜትር ርቀት በሌዘር እየመታ የፕላዝማውን ቀለም ያነባል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ቀለም አለው። በ2016 የጎልፍ ኳስ የምታህል ለስላሳ ጥቁር ነገር አገኘና መታት። ብልጭታው አይረን የሚባለውን ብረትና ኒኬል አሳየ። ከሰማይ የወደቀች ድፍን ብረት ነበረች።

የቀለበት ማሽኑን ብርሃን በዓይን ማየት ይጎዳል?

በጣም። የምታዩት ብልጭታ ፕላዝማው ነው፤ ሌዘሩ ራሱ አይታይም። የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖ ሜትር ነው፣ ከቀይ ወዲያ። የማይታይ ስለሆነ ዓይን አይርገበገብም፣ ፊትም አይዞርም። ብርሃኑ ግን በዓይን ሌንስ አልፎ ሬቲና ላይ፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ላይ፣ ይሰበሰባል። ቀለበት ደግሞ መስታወት ነው ብለናል፤ ገና ካልተቃጠለ ፊቱ የሚመልሰው ጨረር ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ልጆች ብልጭታውን ለማየት አጎንብሰው ሲጠጉ አይቻለሁ፣ ልቤ ነው የሚርደው። ተራ የፀሐይ መነጽር አያድንም፤ የባሰ ነው፣ ብሌኑን ያሰፋዋል። ክዳን ያለው ማሽን ከሆነ ክዳኑ ይዘጋ። ከሌለው ኦፕሬተሩም ደንበኛውም ለ1064 ናኖ ሜትር የተሠራ መነጽር ያድርጉ፤ ቁጥሩ መነጽሩ ላይ ታትሞ ይገኛል። ጭሱንም የሚስብ ነገር ይኑር። በጣቴ የጠረግኩት ጥቁር ብናኝ ተንኖ የረጋ ብረት ነው፣ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም።